ስልካችሁ «ያልታወቀ ኮድ» ሲል መኪናዋ ምን እያለች ነው? ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ባለፈው ክረምት አንድ ጓደኛችን ደወለልን። በአፕ የሚጠራ ታክሲ ነው የሚሠራው፤ መኪናው እ.ኤ.አ. የ2003 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት። ጠዋት ለሥራ ሲነሳ ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ቢጫ የሞተር ምልክት፣ ቼክ ኢንጂን የምንላት፣ በርታ አገኛት። ሞተሩ መኪናዋ ቆማ ሳለ ይንቀጠቀጣል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ጉልበት የለውም። ልጁ እንደ እኛው የስልክ ሰው ስለሆነ ከመሪው ሥር የምትሰካ ትንሽ የብሉቱዝ ማንበቢያ ነበረችው። ሰካት፣ አፑን ከፈተ፣ «ፒ1349» የሚል መጣለት። ከሥሩ ደግሞ «ያልታወቀ ኮድ» ይላል።

ከዚያ ያደረገው ብዙዎቻችን የምናደርገውን ነው። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ፈለገ፣ መጀመሪያ ያገኘውን ማብራሪያ አነበበ፣ «በቃ ሴንሰር ነው» አለ፣ ሶማሌ ተራ ወርዶ ገዛ፣ አስገጠመ፣ ኮዱንም በስልኩ አጠፋው። መብራቷም አብራ ጠፋች። ሦስት ቀን በሰላም ሠራ። በአራተኛው ቀን ያችው መብራት፣ ያው ቁጥር፣ ያው «ያልታወቀ ኮድ»። የሁለት ሳምንት ገቢው በማያስፈልግ ዕቃ አለቀ። ያነበበው ማብራሪያ የሌላ ብራንድ መኪና መሆኑን ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

መጨረሻው ምን ሆነ? ታች እንመለስበታለን። መጀመሪያ ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ምክንያቱም ይህን ያወቀ ሰው በቀላሉ አይሸወድም፤ ራሱንም አይሸውድም።

👉 መኪናዋ ጽሑፍ አትልክም

ብዙ ሰው የሚመስለው መኪናዋ «ኦክስጅን ሴንሰሬ ተበላሽቷል» ብላ ጽፋ የምትልክ ነው። አይደለም። የሞተሩ ኮምፒውተር ወደ ማንበቢያው የሚልከው ቁጥር ብቻ ነው፤ በኮምፒውተር ቋንቋ ሁለት ባይት። ስልካችሁ አንዲት የአማርኛ ፊደል ለማስቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ባይት ይፈልጋል። ስለዚህ መኪናዋ የላከችው መልእክት «ሀ» ከምትለው ፊደል ያነሰ ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ማብራሪያ ከየት ይመጣል? ከአፑ ነው። አፑ ውስጥ እንደ መዝገበ ቃላት ያለ ዝርዝር አለ። ቁጥሩ ሲመጣ ዝርዝሩን ይፈልጋል፤ ካገኘ ትርጉሙን ያሳያችኋል፤ ካላገኘ «ያልታወቀ»፣ «ትርጉም የሌለው» ወይም «የአምራች ኮድ» ይላችኋል።

ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። «ያልታወቀ ኮድ» ማለት መኪናዋ ችግሩን አላወቀችውም ማለት አይደለም። መኪናዋ የምትለውን በደንብ ታውቃለች። ያላወቀው አፑ ነው።

👉 አምስቱ ምልክቶች እንዴት ይነበባሉ?

እነዚህ ኮዶች የአንድ ሰው ፈጠራ አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ መኪኖች ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ኦቢዲ 2 የሚባለውን የምርመራ ሥርዓት እንዲይዙ ተገደዱ። አውሮፓም ከ2001 ጀምሮ ለአዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ተመሳሳዩን ግዴታ አደረገች። የሕጉ ዓላማ የመካኒክን ሥራ ማቅለል ብቻ አልነበረም፤ ዋናው ነገር የጭስ ብክለት ነው። ስለዚህ ከጭስ ጋር የሚያያዙ ብልሽቶች ለሁሉም አምራች አንድ ዓይነት ኮድ ተሰጣቸው። የጋራ ዝርዝሩ «ኤስኤኢ ጄ2012» በሚባለው መስፈርት ውስጥ ይገኛል።

ኮዱ አንድ ፊደልና አራት ምልክቶች አሉት።

የመጀመሪያው ፊደል የት እንደሆነ ይነግራችኋል፦
▪️ ፒ፦ ሞተርና ካምቢዮ
▪️ ሲ፦ ፍሬን፣ መሪ፣ እገዳ የመሳሰሉት
▪️ ቢ፦ የመኪናው አካል፤ ኤርባግ፣ በር፣ መስኮት፣ ማቀዝቀዣ
▪️ ዩ፦ በመኪናው ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መስመር

ሁለተኛው ምልክት ደግሞ ዛሬ ለምናወራው ጉዳይ ቁልፉ ነው። ከ0 እስከ 3 ብቻ ይሆናል።
▪️ 0 ከሆነ ኮዱ የጋራ ነው። ፒ0420 በቶዮታም፣ በሀዩንዳይም፣ በፎርድም ያው ነው፤ ጭሱን የሚያጣራው ካታሊስት አቅሙ ቀንሷል የሚል።
▪️ 1 ከሆነ አምራቹ ለራሱ ያወጣው ኮድ ነው።
▪️ 2 ላይ ተጠንቀቁ። በፒ የሚጀምር ከሆነ የጋራ ነው፤ በቢ፣ በሲ ወይም በዩ የሚጀምር ከሆነ ግን የአምራቹ ነው።
▪️ 3 በፒ ላይ የተቀላቀለ ነው፤ ከፊሉ የአምራቹ፣ ከፊሉ የጋራ።

ሦስተኛው ምልክት በፒ ኮዶች ላይ የቱን ክፍል እንደሚመለከት ፍንጭ ይሰጣል። 1 እና 2 ነዳጅና አየር፣ 3 የእሳት አሰጣጥ (ካንዴላ፣ ኮይል)፣ 4 የጭስ መቆጣጠሪያ፣ 5 ፍጥነትና ሞተሩ ቆሞ የሚሠራበት ዙር፣ 6 ራሱ ኮምፒውተሩ፣ 7 እና 8 ካምቢዮ። «ኤ» የምትል ፊደል ካያችሁ ደግሞ ሃይብሪድ ክፍል ነው። ቁጥር መሃል ፊደል መግባቱ ስህተት አይደለም፤ የኮዱ አቆጣጠር ከ0 እስከ 9 ሄዶ ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» ስለሚቀጥል ነው።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብልሽቱን ለይተው የሚጠሩ ናቸው። እነሱን ያለ ዝርዝር መገመት አይቻልም።

👉 አንድ ቁጥር፣ ሦስት ትርጉም

አሁን ጓደኛችን የወደቀበትን ጉድጓድ እንይ። ፒ1128 የሚለውን ኮድ ውሰዱ። ሁለተኛው ምልክት 1 ነው፤ ስለዚህ የአምራች ኮድ ነው።

▪️ በቶዮታ፦ አየር ማስገቢያውን የሚከፍትና የሚዘጋው ሞተር ተጣብቋል
▪️ በሆንዳ፦ የአየር ግፊት ሴንሰሩ ከሚጠበቀው በታች እያነበበ ነው
▪️ በፎርድ፦ ከካታሊስቱ በፊት ያሉት ሁለት የኦክስጅን ሴንሰሮች ሶኬታቸው ተቀያይሯል

አያችሁ? የፎርዱ ሰው ሶኬቶቹን አዘዋውሮ ይጨርሳል፤ ምንም ዕቃ አይገዛም። የቶዮታው ሰው የፎርዱን ማብራሪያ አንብቦ ኦክስጅን ሴንሰር ቢገዛ ግን ገንዘቡን ጣለ ማለት ነው።

ሌላ ምሳሌ፦ ፎርድ ላይ ፒ1000 የሚል ቢመጣ ብልሽት እንኳ አይደለም። «የራሴን ምርመራ ገና አልጨረስኩም» ማለት ነው። ባትሪ ከተፈታ ወይም ኮድ ከጠፋ በኋላ ይመጣል፤ መኪናው በተለያየ መንገድና ፍጥነት ሲነዳ ራሱ ይጠፋል። «ያልታወቀ ኮድ አለብህ፣ ኮምፒውተሩ ሄዷል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቆም በሉ።

👉 አፑ «ያልታወቀ» የሚልባቸው አምስት ምክንያቶች

1. ኮዱ የአምራቹ ነው። የጋራ ዝርዝር ብቻ የያዘ ነፃ አፕ ስለ ቶዮታ ወይም ሱዙኪ የግል ኮድ አያውቅም። ይህ ከሁሉም የበለጠ የተለመደው ምክንያት ነው።

2. አፑ ላይ የመኪናውን ብራንድ አልመረጣችሁም፣ ወይም የተሳሳተ መርጣችኋል። ይሄኛው ከ«ያልታወቀ» የባሰ ነው፤ በልበ ሙሉነት የሌላ መኪና ትርጉም ይሰጣችኋል።

3. የአፑ ዝርዝር አሮጌ ነው። መስፈርቱ በየጊዜው ይታደሳል፣ አዳዲስ ኮድ ይጨመርበታል። ከዓመታት በፊት የተሠራ ርካሽ ማንበቢያ አዲሱን ኮድ ሊያውቅ አይችልም።

4. ኮዱ ተቀጥያ አለው። አዳዲስ መኪኖች ላይ ከአምስቱ ምልክቶች ቀጥሎ ሰረዝና ሁለት ምልክቶች ይመጣሉ። ለምሳሌ መጨረሻው 11 ከሆነ ሽቦው ከመኪናው አካል ጋር ተነካክቷል፣ 13 ከሆነ ደግሞ መስመሩ ተቋርጧል ማለት ነው። ርካሽ ማንበቢያ ይህን ጭራ ቆርጦ ይጥለዋል። ቶዮታ ሃይብሪዶች ላይም ከዋናው ኮድ ጋር የሚመጣ ባለ ሦስት አሃዝ ንዑስ ኮድ አለ፤ ያለ እሱ ዋናው ኮድ ግማሽ ወሬ ነው።

5. ማንበቢያው ራሱ ችግር አለበት። ገበያ ላይ ያሉት ትንንሽ የብሉቱዝ ማንበቢያዎች አብዛኞቹ «ኢኤልኤም 327» የሚባለውን የካናዳ ቺፕ የተቀዱ ናቸው። ብዙዎቹ ላይ «ስሪት 1.5» የሚል ታያላችሁ። የመጀመሪያው አምራች ግን 1.5 የሚባል ስሪት አውጥቶ አያውቅም። ቅጂ ሁሉ አይሠራም ማለታችን አይደለም፤ ብዙዎቹ ቀላል ንባብ ይሠራሉ። አንዳንዶቹ ግን ትዕዛዝ ይዘላሉ፣ መልእክት ይቆርጣሉ። ስለዚህ እንግዳ ኮድ ስታዩ በሌላ ማንበቢያ አንድ ጊዜ አረጋግጡ።

👉 ታዲያ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ አንድ የደህንነት ነገር። ቼክ ኢንጂኗ ብልጭ ድርግም እያለች ከሆነ ኮድ መፈለጉን ተዉት። ያ ማለት ሞተሩ ውስጥ ነዳጅ ሳይቃጠል እየወጣ ነው፤ ካታሊስቱን ሊያቃጥል ይችላል። እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ፣ ጥግ ያዙ። ቀይ የዘይት ምልክት ከበራ ደግሞ ወዲያው ሞተር አጥፉ። በቋሚነት የበራች ቢጫ መብራት ከሆነችና መኪናዋ በደህና እየሄደች ከሆነ ግን ለማሰብ ጊዜ አላችሁ።

ከዚያ በቅደም ተከተል፦

▪️ ሙሉውን ኮድ ስክሪንሾት አንሱ። ፊደሉን፣ ሰረዙን፣ ጭራውን፣ ሁሉንም። «ዜሮ»ንና «ኦ»ን አታምታቱ፤ ኮድ ውስጥ ያለው ዜሮ ነው።

▪️ ኮዱ በምን ደረጃ ላይ እንዳለ እዩ። «በመጠባበቅ ላይ ያለ» ከሆነ ኮምፒውተሩ አንዴ ጠርጥሯል፣ ገና አላረጋገጠም። «የተረጋገጠ» ከሆነ መብራቷን ያበራው እሱ ነው።

▪️ ፍሪዝ ፍሬም የሚለውን ክፈቱ። ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት የሞተሩ ሙቀት፣ ዙር፣ ፍጥነትና ጭነት ስንት እንደነበር ያስቀምጣል። ኮዱ ባይተረጎም እንኳ «ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ዳገት ላይ» የሚል ታሪክ ይሰጣችኋል። ጥሩ መካኒክ ለዚህ ያመሰግናችኋል።

▪️ ይህን ሁሉ ሳትይዙ «አጥፋ» የሚለውን አትንኩ! ኮድ ስታጠፉ ፍሪዝ ፍሬሙም አብሮ ይጠፋል። ብልሽቱ ግን እዚያው ነው። ማስረጃውን አጥፍቶ ሌባ መፈለግ ይሆንባችኋል።

▪️ ባትሪውን አስለኩ። ሞተር ጠፍቶ ሲያድር ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተር ሲነሳ ደግሞ ዲናሞው ወደ 14 ቮልት አካባቢ ያደርሰዋል። ባትሪ ሲደክም ወይም ማሰሪያው ሲላላ ኮምፒውተሮቹ ይደናገራሉ፤ በተለይ በዩ የሚጀምሩ ኮዶች በአንዴ ይግተለተላሉ። አሥር ኮድ በአንድ ቀን ከመጣ አሥር ዕቃ አልተበላሸም።

▪️ ሌላ የታወቀ ኮድ አብሮ ካለ ከእሱ ጀምሩ። ብዙ ጊዜ አንዱ ሲስተካከል ያልታወቀውም አብሮ ይሄዳል።

▪️ ትርጉም ስትፈልጉ ቁጥሩን ብቻ አትጻፉ። ብራንድ፣ ሞዴል፣ ዓመትና የሞተር ዓይነት ጨምሩበት። ሊብሬያችሁ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር አለ። ከዱባይ የመጣች፣ ከአውሮፓ የመጣችና ከአሜሪካ የመጣች መኪና ስማቸው አንድ ሆኖ ሞተራቸው ሊለያይ ይችላል። አስተማማኙ ምንጭ የአምራቹ የጥገና መመሪያ ነው።

▪️ ካልሆነ የብራንዱን ኮድ የሚያነብ ስካነር ያለው ጋራዥ ሂዱ። ከመሰካቱ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፤ «የዚህን መኪና የአምራች ኮድ ያነባል ወይ?» እና «የማስነበቢያው ዋጋ ስንት ነው?»

አንድ ተጨማሪ ምክር፦ ማንበቢያዋን ሰክታችሁ አትደሩ። ሶኬቱ ላይ የባትሪ ኃይል መኪናው ጠፍቶም አይቋረጥም። ለቀናት ከቆመች ጠዋት ባትሪያችሁን ባዶ ታገኙታላችሁ።

👉 ኮድ የዕቃ ስም አይደለም

ኮዱ ታውቆም ቢሆን ይህን አትርሱ። ኮድ የሚነግራችሁ ኮምፒውተሩ ያየውን ነገር እንጂ የሚቀየረውን ዕቃ አይደለም። «የኦክስጅን ሴንሰር መስመር ላይ ችግር አለ» ሲል ሴንሰሩ ሊሆን ይችላል፣ የተበላ ሽቦ ሊሆን ይችላል፣ የላላ ሶኬት ወይም የተቃጠለ ፊውዝም ሊሆን ይችላል። ከአራቱ ሦስቱ ርካሽ ናቸው። ውዱን መጀመሪያ የሚያስገዛችሁ ሰው ወይ አልመረመረም፣ ወይ ዕቃ መሸጥ ይፈልጋል።

👉 መኪና ልትገዙ ላሰባችሁ

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ሄዳችሁ ማንበቢያውን ስትሰኩ «ምንም ኮድ የለም» ቢላችሁ ቶሎ አትደሰቱ። አፑ ላይ የራስ ምርመራ ዝግጁነት የሚያሳይ ገጽ አለ። እዚያ ላይ ብዙዎቹ «አልተጠናቀቀም» የሚሉ ከሆነ ኮዱ በቅርቡ ጠፍቷል ወይም ባትሪው ተፈትቷል ማለት ነው። ሻጩ ንፁህ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ባትሪ ቀይሮ ይሆናል። እናንተ ግን «ለጥቂት ቀን ትነዳና እንደገና እንያት» የማለት መብት አላችሁ። ሻጩ ወይም ደላላው በዚህ ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ።

👉 ኤሌክትሪክ መኪናስ?

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ መንገዱ ላይ ኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ብዙዎቹ ሶኬት አላቸው፤ ቅርፁም ያው ነው። ነገር ግን የጋራ ኮዱ የተወለደው ከጭስ ሕግ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ጭስ የላቸውም። ስለዚህ ተራው አፕ ብዙ ጊዜ ወይ አይገናኝም፣ ወይ «ያልታወቀ» ይበዛበታል። የባትሪውና የሞተሩ መረጃ በአብዛኛው በአምራቹ ቋንቋ ነው የሚነበበው። ኤሌክትሪክ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት «ኮዱን እዚህ አገር ማን ያነብልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብርቱካናማ ሽቦ ያለበትን ነገር ደግሞ በምንም ዓይነት ራሳችሁ አትንኩ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው።

👉 የጓደኛችን መጨረሻ

ልጁ በመጨረሻ ሰፈሩ ውስጥ ወዳሉ አንድ አረጋዊ መካኒክ ሄደ። እኛም አብረን ነበርን። ስልኩን ሲያሳያቸው አልፈገግታቸውም፣ አልተቆጡም። መጀመሪያ የጠየቁት «ዘይት የቀየርከው መቼ ነው?» ብለው ነው። ልጁ ዝም አለ።

የዘይት መለኪያውን መዘዙ፤ ዘይቱ ሬንጅ መስሏል፣ መጠኑም ጎድሏል። ፒ1349 በቶዮታ የቫልቮቹን መከፈቻ ጊዜ የሚያስተካክለውን ክፍል የሚመለከት ኮድ ነው። ያ ክፍል የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ወደ እሱ የሚሄደውን ዘይት የሚያጣራ ትንሽዬ ወንፊት አለች። ፈተው አወጧት፤ በጥቁር ዝቃጭ ተደፍናለች። አጸዷት፣ ዘይትና ፊልትሮ ቀየሩ፣ ኮዱን አጠፉ። መብራቷ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

ሊከፍል ሲል ልጁ ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ ስልኬ ግን ያልታወቀ ኮድ ነው ያለኝ እኮ።»

«ለስልክህ ነው ያልታወቀው፣ ልጄ። ለቶዮታ የታወቀ ነው።»

የተገዛው ሴንሰር አሁንም ቤቱ አለ፤ ሻጩ አልመልስም ብሎታል። እኛም ይህን የጻፍነው ለዚያ ነው። መብራቷ ስትበራ ቀኑን ሥራ ያጣ ሰው ይቸኩላል፤ ሲቸኩል ደግሞ ከመረመረ ሰው ይልቅ ቶሎ መልስ የሰጠውን ያምናል። «ያልታወቀ ኮድ» ስታዩ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት፣ ቁጥሩን መዝግቡ፣ ከዚያ የመኪናዋን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ።

መኪና የሚያሽከረክር ወንድም፣ እህት ወይም ጓደኛ ካላችሁ ይህን አጋሩለት። ነገ ጠዋት መብራቷ የምትበራበት እሱ ሊሆን ይችላል።